የቡሽ ሒሳብ

የሐምሌ ደብረ ብርሃን ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣
ልጁን ያስመረቀ አባት ግን ብርድ ይደፍራል።
«አባዬ፣ ዛሬ ወይን» አለች ምንታምር፣
እሺ አልኩ፤ ጡረታዬ የወጣ ሰሞን ነበር።

ገባን ከሆቴሉ፤ ሜኑውን ገለጥኩት፣
ሁለት ሺህ ይላል ወይኑ! መነጽሬን ጠረግኩት።
ያው ሁለት ሺህ ነው።

ይኸው ጠርሙስ እኮ ማዶ፣ ከሽመክት ሱቅ፣
ከሳሙና ጎን ቆሞ፣ አቧራ ለብሶ ሲማቅቅ፣
ዘጠኝ መቶ ብር ነው፤ ትናንት ጠይቄያለሁ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሒሳብ አስተምሬያለሁ፣
መቀነስ አይጠፋኝም።

«እጄን ልታጠብ» ብዬ መንገዱን ተሻገርኩ፣
ካፖርቴ ሥር ወሽቄ ይዤው ተመለስኩ።
ልጄ አቀረቀረች። አስተናጋጇ መጣች፣
ደረቷ ላይ «የውብዳር» የሚል ስም ለጥፋለች፣
ጠርሙሱን አየችው፣ እኔን አየችኝና
«ይቻላል አባባ፣ የቡሽ አለው ግና።»
«የምን ቡሽ?»
«መክፈቻ። አምስት መቶ ብር።»

«ለቡሽ አምስት መቶ? በጥርሴ እነቅለዋለሁ!»
«ጥርስዎ ይቆይልዎ፤ ቆሜ አስረዳዎታለሁ።
ሽመክት ጠርሙሱን ሸጦ ይረሳዋል፣
ጠጡት አልጠጡት፣ እሱን ምን ያገባዋል?
የዚህ ብርጭቆ እግሩ ቀጭን ነው፣ ይሰበራል፣
ባለፈው ቅዳሜ ብቻ ስድስት ሄዷል።
ውሃው በቦቴ ነው፣ ጄኔሬተር ነዳጅ ይላል፣
አንዱ ከፍቶ ይቀምስና ትቶት ይሄዳል፣
የቀረው በማግስቱ ኮምጣጤ ሆኖ ይደፋል።
በጥብሱ አናተርፍም፣ የሥጋው ዋጋ ንሮ፣
ወይኑ ነው የሚሸከም የማድ ቤቱን ኑሮ።»
«ያንቺስ ድርሻ ስንት ነው?» ብላት ሳቀች፣
መክፈቻውን ከኪሷ አወጣች።

ጧ! አለ።
ልጄ ቀና አለች፣
ብርጭቆውን በቀጭን እግሩ ይዛ አየች፣ አየች፣
«አልነገርኩህም እንጂ፣ አሶሳ ደርሶኛል፣
ሰኞ ነው መንገዴ፤ ቦታው ይሞቃል ይላል
ጓደኛዬ…»
እኔ ጠረጴዛ ልብሱን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ።
ምን ይባላል? «ጠጪ፣ ጠጪ» ብቻ አልኩ፣ ቀዳሁ።
የውብዳር ሰምታ እንዳልሰማ ሄደች፣
ከእኛ በላይ ያለውን መብራት ዝቅ አደረገች።
እስከ አራት ሰዓት ማንም «እንዘጋለን» አላለን።

ማክሰኞ ማታ ጠባሴ፣ ቤቴ፣ የተረፈውን ወይን
በሻይ ብርጭቆ ቀዳሁ፣ ማንንም ሳልለምን።
የቡሽ የሚለኝ የለም፣ የመብራት፣ የወንበር፣
እንደ ሽመክት ሱቅ ሁሉም ርካሽ ነበር።
ቀመስኩት። ኮምጥጧል።

ቡሹ ግን ካፖርቴ ኪስ ውስጥ አለ፤
አምስት መቶ ብር የወጣበት ዕቃ አይጣልም።