ሦስት ቅዳሜ

ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ከግድቡ ዳር ውዬ
ጀልባዋን ፈተሽኳት፣ ዋና አላውቅም ብዬ፤
ብየዳዋን በጣት፣ ወለሏን በጫማ
መታ መታ አደረግሁ፣ ድምጿን እንድሰማ።
ፈቃዱን አነበብሁ፣ ማኅተሙን ጭምር፤
መንሳፈፊያም ሁለት፣ ትርፍ ገመድ ጭምር።
“ስንት ክንድ ነው ጥልቁ?” ብዬ ብጠይቀው
ጋሽ ኃብተየስ ሳቀ፦ “ትዳርስ ማን ለካው?”

ቀለበቷን ደግሞ በክር አንጠልጥዬ
ከኮቴ ቁልፍ አሰርኳት፣ ብትሰምጥብኝስ ብዬ።
ደብረ ብርሃን ባጃጅ ቃሌን ጮክ ብዬ ሳጠና
ሾፌሩ “እሺ” አለኝ፤ ደነገጥኩኝና
ሳልደርስ ወረድኩ።

ቀኑ ደረሰ፤ ስንዱ መጣች።
ነፋሱም መጣ፣ ከጣርማ በር በኩል።
“ዛሬስ አይቀዘፍም” ጋሽ ኃብተየስ አለ፣
ጀልባዋን ከግንዱ እንዳሰራት ዋለ።
እኛም ታስራ ባለች ጀልባ ተቀመጥን፣
መንሳፈፊያ ለብሰን፣ የትም ሳንሄድ ተናጥን።

ቃሌ ከአፌ ጠፋ። ብርዱ ጥርሴን አጋጨው።
“ኮትህ ተተርትሯል” አለች፣ ክሩን አይታ፤
ሳበች፣
ሳበች፣
ጫፉ ላይ ዝም አለች።

ከዚያ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ሦስት ቅዳሜ ሙሉ የተሰናዳሁት እኔ፤
ጣቷን የዘረጋች
ስንዱ።