ልጣጩ የእኔ ነው

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቷ ግድግዳ እንጂ ሰማይ የማታሳይ፣
አንዲት ክፍል ውስጥ አምስት ሴት፣ በኮምፔንሳቶ ተከፍለን፣
አንድ ምድጃ፣ አንድ ሻወር፣ ተራውን በወረቀት ጽፈን።

አልጋው ግን አንድ ነው፣ የእኔና የሸምሲያ፤
ለእኔ የሌሊት ነው፣ ለእሷ የቀን ማረፊያ።
እሷ አየር ማረፊያ ወለል ስትወለውል ታድራለች፣
ጎህ ሲቀድ ትመጣና ሙቀቴን ትወርሳለች።
ስምንት ወር ሙሉ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ፣
«እንዴት አደርሽ?» እላታለሁ፤
«ደህና እደሪ» ትለኛለች፣ እግሯ በእንቅልፍ ሲጠላለፍ።

እኔ ሆቴል ነኝ፤ ብርቱካን ስጨምቅ እውላለሁ፣
የሳጥኑን ብዛት አልቆጥርም፣ በክንዴ ድካም አውቃለሁ።
ጭማቂው ለእንግዳ ነው፣ በረዶ ገብቶበት፣ ባለ እግር ብርጭቆ፤
ልጣጩ ለጥቁር ፌስታል፣ ሆዱ ባዶ፣ ተጨምቆ።
አንድ ቀን አለቃዬን፣ ያንን የኬረላውን ሰው፣
«ይህን ልውሰድ?» አልኩት። ሳቀ።
«ውሰጂ፣ ቆሻሻ እኮ ነው።»

የመጀመሪያውን ቀን አበላሸሁት፤ ሞኝነቴ፣
ጭማቂ ጠብ አደረግሁበት፣ ቋጠረብኝ ወተቴ።
እንደ አይብ የሆነውን በማንኪያ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩት፣
አምስት ዲርሃም የወጣበትን ልድፋው? አልደፋሁት።
ያን ቀን ነው የገባኝ፦
ወተትና ጭማቂን አንድ ድስት አይችላቸውም፤
ልጣጩ ሽታውን ይሰጣል፣ ጠቡን ግን አያመጣውም።

አሁን ነጩን በቢላ ፍቄ፣ መራራ ነውና እጥላለሁ፣
ቢጫውን ብቻ፣ እንደ ጥፍር ስስ፣ ከወተቱ ጋር እጥዳለሁ።
እሳቱ ዝግ ይበል፤ ወተት የሚዘነጋውን ሰው ይወዳል፣
ዞር ያሉ እንደሆን ገንፍሎ ምድጃው ላይ ይሄዳል።
ካካዎውን ለብቻ፣ በጥቂት ቀዝቃዛ ወተት፣
በሹካ መታ መታ፣ ጓል እንዳይቀርበት።
ከዚያ ማደባለቅ፣ ማጥለል።
ሽታው በኮምፔንሳቶው አናት ተሻግሮ
የአራቱንም ሴት እንቅልፍ ይነካል።

ለሸምሲያ በሰሐን ከድኜ ትራስጌ እተውላታለሁ፤
ማታ ኩባያውን ታጥቦ፣ ተደፍቶ አገኘዋለሁ፤
ከሥሩ ብጣሽ ወረቀት፦ «ስኳር ቀንሺ፣ ጨው ቁንጥር ጨምሪ።»
«ኧረ ጨው?» ብዬ ጻፍኩላት።
በማግስቱ፦ «ሞክሪ!»
ሌላ ቀን፦ «በረራ በዝቶ እግሬ አበጠ።»
ሌላ ቀን፦ «ወንድሜ ፈተናውን አለፈ።»
ሌላ ቀን ምንም።
ኩባያው ብቻ፣ ከወትሮው ይልቅ ተፈትጎ የነጣ።

በጥር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሰማዩ ተቀደደ፤
ሻርጃ ዝናብ አልለመደች፣
ውሃው መሄጃ ቢያጣ መኪና ላይ ወጥቶ ሄደ።
ሆቴሉ በስልክ «አትምጪ» አለ።
ሸምሲያ ከች አለች፣ ጫማዋን ይዛ፣ እስከ ጉልበቷ ረጥባ፣
አልጋው ላይ አየችኝና በሩ ላይ ቆመች፣ ሳትገባ።

ስምንት ወር ባንድ ትራስ፣ ፊት ለፊት ግን ተፋፈርን።
ከእኔ ታጥራለች። ድምፅዋ ወፍራም ነው።
ይህን አላውቅም ነበር።
«አሁን ማን ይተኛ?» አለች።
«ማንም» አልኩ፣ ተነሥቼ ድስቱን ጣድኩ።

ልጣጩን እሷ ፋቀች፤ ቢላውን ስትይዝ አየሁ፣
በግራ እጇ ነው።
ፊደሏ ሁሉ ለምን እንደሚጋደም ገና ዛሬ ዐወቅሁ።
ኩባያችን አንድ ነው፣ ለሁለት ፈረቃ ይበቃ ነበር፤
ከድስቱ ጠጣን፣ ጆሮውን በፎጣ ይዘን፣ በየተራ።
ከንፈሯ ላይ ቡናማ መስመር ቀረ። አልነገርኳትም።
«እንዴት ነው?» ስላት
ኪሷን ዳበሰች፤
ስክሪብቶ ፈልጋ፣ መልሱን ልትጽፍልኝ።

ሁለታችንም እኩል ነው ያየነው፣ እኩል ነው የሳቅነው፤
ከኮምፔንሳቶው ማዶ አንዷ «ኧረ ተኙ!» ብላ ግድግዳውን መታችው።
ሸምሲያ አፏን በመዳፏ ይዛ፣
ድስቱ ውስጥ አጎንብሳ አየችና፣
«ጨው» አለችኝ በሹክሹክታ፣
«ዛሬ ጨው ረሳሽ።»