መላመድ

ንጋት አሥራ ሁለት፣ ደሴ ላይ ጉም ወርዶ፣
የጦሳን ግንባሩን እስከ ቅንድብ ጋርዶ፣
ሌሊቱን ሲያቃስት መብራት መጥቶ ሄዶ፣
ከማሞቂያው ሣጥን ሳህኑን አወጣሁ፤
ክዳኑን ሳላነሳ በሽታው አወቅሁ፤
የበሰለ ወይን፣ የጣፋጭ ፍሬ ሽታ፣
አረንጓዴ ሆኗል፣ እንደ ክረምት ጓሮ፣ እንደ ጨፌ ቦታ።

የአልጋ አራት ነው፤ እንድሪስ ይማም ይባላል፣
ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ይጠግናል።
ጉንፋን ነው ብሎ ሦስት ቀን ዝም አለ፤
በአራተኛው ሌሊት፣ ሐረጎን ሲወጡ፣
ከመኪናው ቀድሞ ትንፋሹ ዛለ።

ቫይረሱስ ለቀቀው። በአሥራ አንደኛው ዕለት
ምርመራው ነጻ ሲል፣ ሲስተር ሽታዬ
ማተቧን እየነካች፣ ሚስቱን ዘምዘምን
«በይ አልሐምዱሊላህ በይ» አለቻት።
ቱቦው ግን አልወጣም፤
እኛው ያስገባነው፣ ትንፋሽ የሚያደርሰው፤
በዚያው በእኛ መንገድ ሌላ ገባና አረሰው።
ከየት መጣ? ከእጅ? ከአልጋው ብረት ነው?
ውሃ ከጠፋባት ከዚያች ማክሰኞ ነው?
እንጃ። የሚመሰክር የለም።

ሰባት ክብ ወረቀት ትናንት ደርድሬ፣
በሰባት መድኃኒት ሳህኑን አጥሬ፣
የሠራ እንደሆነ ይታያል በዙሪያው
ተህዋሲ የማይደፍረው ባዶ ቀለበት፤
ማስመሪያዬን ይዤ ልለካ ጎነበስሁ።
አንደኛው፣ ምንም።
ሁለተኛው፣ ምንም።
ሦስተኛውን ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት፤
እስከ ወረቀቱ ጫፍ መጥቶ በልቷል፣
ጠግቦ ተደግፎት ተኝቷል።
ሰባተኛው ዙሪያ ብቻ አንዲት ቀጭን፣
ለሕፃን ጣት እንኳ የማትበቃ ቀለበት።

ቅጹን ሞላሁ፤ በገዛ እጄ ጽሕፈት
ስድስት ጊዜ «ተላምዷል»።

ቧንቧ ውሃ ሠፈር፣ እኔ ባደግሁበት፣
መላመድ ማለት ደግ ቃል ነበረ።
አዲስ ተከራይ ግቢው ጨንቆት ሲቆም
«ይላመዳል» ይሉ ነበር፤
ሙሽራ በሦስተኛው ቀን ስታለቅስ
«ትላመጃለሽ» ይሏታል፣ እንባዋን እየጠረጉ፤
ከእንግዳ እጅ ጨው የላሰች ጥጃ «ተላመደች» ተብላ ትወደስ ነበር።

ይሄንንስ ማን አላመደው?
ቴሌቪዥኑ ሥር ያለችው የቤቴ መሳቢያ ታውቃለች፤
ቀይና ቢጫ እንክብል፣ ግማሽ ግማሽ ፍሬ፣
ለጉንፋን ሁለቱን፣ አንዱን ለጥርሴ ቆጥሬ፣
ተሻለኝ ብዬ በሦስተኛው ቀን ትቼ፣
ለጎረቤት ልጅ ሳል ከተረፈው ሰጥቼ፤
እኔ! ነጭ ጋዋን የለበስሁ፣ የማውቀው!
እንደ ጥጃ በእፍኝ፣ ትንሽ በትንሽ አጉርሰን
እኛው አላመድነው።

ወደ ላይ ስወጣ ዘምዘም ደረጃው ላይ ናት።
ጣቱ ያበጠ ጊዜ በሳሙና ያወጡለትን
የብር ቀለበቱን በሻሿ ጫፍ ቋጥራለች።
«ምን አለ ሳህኑ?»
«አንዲት አለች» አልኋት፣ «ቀጭን ናት።
መድኃኒቱ እዚህ የለም፤ አዲስ አበባ ተደውሏል፣
በሌሊቱ መኪና ይላካል።»
ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ጉሙ መንገዱን ውጦታል።
ቋጠሮዋን ዳበሰች፤
አልፈታችውም።