አይደገፍም

ከአራዳ ዝቅ ብሎ፣ ከፎቶ ቤት ጀርባ፣
ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛ የማታስገባ
አንዲት ክፍል አለችኝ።
እዚያ ነው የሠራሁት፤
ሠራሁት ስል እንኳ፣ ለቃቀምሁት እንጂ ምኑን ፈጠርሁት?

ማዘርቦርዱ የባንክ ነው፣ በጨረታ የወደቀ፣
ብድር ለማኝ ሁሉ ሲያለቅስ እየሰማ ምስጢር የጠበቀ።
ራሙ ሁለት ዘር ነው፦ አንዱ ካዘዞ፣ ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት፣
ሌላው ከቅዳሜ ገበያ፣ ከቁራሌው ኬሻ፣
ከድስት ክዳን ሥር ተደፍቶ ያገኘሁት።
ፋኑ በተነሣ ቁጥር ያስነጥሳል።

ሳጥኑን የሠራው አዛናው ነው፣ የሳሙና በሩ፣
የሬሳ ሳጥን መምታት ነው የዘወትር ተግባሩ።
ልኩን ስነግረው ሜትሩን አጠፈ፤
ፊቱ ላይ ደመና አለፈ።
«ሕፃን ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።
«አይደለም» አልሁት፣ «ገና አልተወለደም።»
እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።
ከዋንዛ ትራፊ እየገጣጠመ፣
ለነፋስ መውጫ ጎኑን እየበሳ፣ ቆም እያለ እየተገረመ፣
«የኔ ደንበኞች» አለ፣ «ይህን ጠይቀውኝ አያውቁም።»

ነገሩን ያመጣችው ትርንጎ ናት።
ሠርግ ትቆርጣለች፤ ቀኑን ሳይሆን ምስሉን።
የተማረችበት ፕሮግራም ግን ኩሩ ነው፤
የተገመጠው ፖም ከሌለበት ቤት አያድርም።
የዚያ ዋጋ ደግሞ ጥማድ በሬ ከነቀንበሩ፣ ከነሞፈሩ፣
አራሹም ቢጨመር አይሞላም።
የኛ አዳም የበላው በለስ ነው ሲባል ነው ያደግነው፤
ፖሙን የገመጠው የማን አዳም ይሆን፣ ዕዳው እኛ ላይ የመጣው?

በፍላሽ ይዛው መጣች፣ በመሀረብ ጫፍ ቋጥራ፣
እንደ ጊዮርጊስ እምነት።
ሰካሁት። ጥቁሩ መስኮት ላይ ነጭ ፊደል ዘነበ፤
ዘነበ፣ ዘነበና ቆመ።
በሰው አገር ቋንቋ አንድ ቃል ብቻ፦
አይደገፍም።

ያችን ቃል እያላመጥሁ አደርሁ።
ጧት በፋሲል ግንብ ጥግ ወደ ገበያ ሳልፍ፣
ያ ሁሉ ድንጋይ፣ ያ ሁሉ ኖራ፣
ወገቡን በባሕር ዛፍ እንጨት አስይዞ ቆሟል፣ ነፋስ እየፈራ።
ቀና ብዬ ብዙ ቆየሁ፤
ሽንኩርቱን ረስቼ ተመለስሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት መላው ተገኘ፦ ውሸት።
ሲነሣ የሚጠይቀው «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ነው፤
ከደጁ አንድ አጋፋሪ አቆምሁለት፣
የማያውቀውን አባት የሚቆጥርለት፣
ቁጥሩን ፈጥሬ፣ የትውልድ ዓመቱን ፈጥሬ።
ኃጢአት ነው? እንጃ።
በዚህ ከተማ ሐረጉን ያላስረዘመ ማን አለ?
የኛም ቤት ዘር ሲቆጠር፣
ሰባተኛው ላይ ሲደርስ አባቴን ሳል ይይዘዋል።

ፖሙ ብቅ አለ። ከሥሩ ቀጭን መሥመር
እንደ ቀንድ አውጣ ተንፏቀቀ፤ ሲሶ፣ እኩሌታ፣
ሊሞላ ጣት ሲቀረው፣
መብራት ሄደ።

ሰፈሩ ሁሉ ባንድ አፍ «እህ» አለ።
ትርንጎ በጨለማ «ሞተ?» አለችኝ።
አዛናው ትዝ ብሎኝ ሳልወድ ሳቅሁ።

በሦስተኛው ሌሊት ተነሣ፤
ምን ላድርግ፣ ቀኑ እንዲያ ሆኖ ነው።
ድምፅ ግን የለውም፤ ሾፌር አጣሁ ይላል።
ባጃጅ ከሰው በሚበልጥበት ከተማ፣ ሾፌር!
ትርንጎ ሠርጉን ከፈተች፦
እስክስታው ያለ ከበሮ፣
እልልታው ያለ ጉሮሮ፤
የሙሽራዋ እናት አፏ ብቻ ይንቀሳቀሳል።
«ይሻላል» አለች ትርንጎ፣ ዓይኗን ሳትነቅል፣
«እንዲህ ሲሆን ማን እንዳዘነ ይለያል።»

አሁን ዓመት ሊሞላው ነው።
ጧት ጧት ከመስኮቱ ጥግ አንዲት ወረቀት ብቅ ትላለች፦
አዲስ ስሪት መጥቷል፤ ይዘምን?
ከዘመነ ይሞታል። አጋፋሪው ይያዛል፣ አባቱ ይጠየቃል።
ሁለት ቁልፍ አለ።
ትርንጎ ቀና ሳትል፣ እንደ ለመደችው፣
የታችኛውን ትጫናለች፦
ኋላ አስታውሰኝ።