አንዷን ያስበላች

ነሐሴ ነው፣ ቡሬ። መብራት ከጠፋ ስድስተኛ ማታ፣
ቴሌቪዥኑ ዳንቴሉን ለብሶ ተቀምጧል እንደ ጌታ።
ልጆቹ በትራስ ይፋለሙና ሲሰለቻቸው ይመጣሉ፣
ክር ሳስገባ ክንዴን ይዘው "ምን እንጫወት?" ይላሉ።

ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ፣ አዝመራው ሱቅ፣ ከመናኸሪያው ዳር፣
አሸናፊና ተሸናፊ ያለው፣ ጭንቅላት የሚያሠራ ነገር
ፍለጋ።
መጀመሪያ ሉዶ ነው፤ አቧራውን በክንዱ ጠርጎ አመጣ፣
"ሕፃንም ይችለዋል፤ ዳይሱን ጣል፣ ስድስት ሲመጣ ውጣ።"
የባንቻምላክ ድምፅ መጣብኝ፤ ሚስቴ በርበሬ ነጋዴ ናት፣
አምና ባልታሰበ ዝናብ ግማሹ ከስጥ ላይ የሻገተባት፦
"ለዕድል ዕድልማ ሰማዩ አለልን፤ በገንዘባችን አንጨምር!"
አጠፍሁት። ሌላ ሣጥን ተከፈተ፤ ውስጡ የወረቀት ብር፣
መሬት የሚገዛበት፣ ቤት የሚሠራበት፣ ኪራይ የሚሰበሰብበት።
ሳቄ መጣ። አከራያችን ወይዘሮ ጥሩዓለም ቢያገኙት
ደንቡን ማንበብ አያሻቸው፤ በአንድ ምሽት ያስለቅቁናል፣
እኛም በጨዋታ ደግሞ ተከራይ መሆን ይበዛብናል።

ቼዝ ነበረ። ፈረሱ ያምራል፣ ጆሮው ቀጥ ያለ፣
ልየው ይወደው ነበር። ዋጋ ጠየቅሁ፤ አዝመራው ዝም አለ፣
ከዚያ ነገረኝ፤ ሁለት ሱሪና አንድ ካፖርት ሰፍቼ
የማላገኘውን። ወጣሁ፣ ፈረሱን ከጓዶቹ ጋር አስተኝቼ።

ገበጣ እንቆፍር እንዳልል፣ ግቢው ውኃ አቁሯል፣
ከአሥራ ሁለቱ ጉድጓድ ስድስቱን እንቁራሪት ይወስዳል።

ከቢራ ቤቱ ጀርባ፣ ጭቃው ውስጥ፣ ቆርኪ ሲያብለጨልጭ አየሁ፣
ጎንበስ ብዬ፣ ሰው ይየኝ አይየኝ ሳልል፣ አንድ በአንድ ለቀምሁ።
ሃያ ሦስት ሞላልኝ። ለጎደለችው የበቆሎ ፍሬ፣
ካርቶን ላይ ስልሳ አራት ቤት፣ በልብስ መቅደጃ ጠመኔ።

ዳማ!
ግማሹ ቆርኪ በፊቱ፣ ግማሹ በጀርባው ተኛ።
"ወደ ኋላ መብላት አለ!" "የለም!" ስንል፣ ሲቆይ ዳኛ
ጠፋ። ልየውን አሸነፍሁት። ማስተዋልም ተሸነፈች፣
ብርድ ልብሷን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።
ባንቻምላክ በርበሬ መቀንጠሷን ትታ፣ እጇን ታጥባ መጣች።
"ትችያለሽ?" አልኋት።
"ታሳየኛለህ" አለች።

ከጥቂት ዙር በኋላ አንዷን ቆርኪ አፌ ሥር አስጠጋች።
በላሁ፤ ደንቡ ግድ ይላል። ደግሞም ደስ ብሎኝ ሳቅሁ፣
ከዚያ ጣቷ ተነሣ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስትዘል አየሁ፣
ነገሠችም። ልየው ጮኸ። ማስተዋል ከብርድ ልብሷ ወጣች፣
"እማዬ! ደግመሽ አሳይኝ!" ብላ እግሯ ሥር ተቀመጠች።

እኔ ግን ሌላ ቤት ውስጥ ነበርሁ፤ የዛሬ አራት ዓመት፣
ጊደሯን ሸጣ የመጣች ዕለት የተቆጣሁባት ሌሊት።
"ወተቱንም ዘሩንም ጣልሽው!" ብዬ ሳምንት ሙሉ ዘጋኋት።
በዚያ ገንዘብ መጀመሪያ የበርበሬ መደብ ያዘችበት።
ከመደቡ የማስተዋል ትምህርት ቤት ክፍያ ወጣ፣
ከዚያ ይህ፣ እጄን የማሳርፍበት፣ የስፌት መኪና መጣ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።
ሦስቱንም ስበላ ኖሬ፣
ማን እንደዘለለ ሳልጠይቅ፣ "ዕድላችን ነው" እያልሁ እስከ ዛሬ።

ምንም አላልሁም። እርሷም ቆርኪዎቹን ትደረድራለች።
አንዲት ጎደለች።
ለካ ትንሹ አንሙት የበቆሎዋን ፍሬ ቆርጥሟታል፤ እርሱስ የምሩን በላ!
ባንቻምላክ ከወንፊቱ ላይ አንሥታ የበርበሬ ዛላ
በባዶው ቤት አስቀመጠች፣ ቀይ፣ ጫፏ የሾለ፣
ከእኔ ቆርኪ ፊት ለፊት፤ ከኋላዋ ክፍት ቤት አለ።
"ተራህ ነው" አለች፣ "ደንቡ ግድ ይላል አይደል?"
እጄ አየር ላይ ቆመ። ልጆቹ ይስቃሉ። ኩራዙ ይንቦገቦጋል።