የጎደለችው «ሕ»

አባቴ ባምላኩ፣ አቤቱታ ጸሐፊ፣
ከፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ የሰው እንባ አሳላፊ፤
ሀብቱ አሮጌ መኪና፣ ከሾላው ጥላ፣
ጥርሷ የረገፈ፣ ጥብጣቧ የላላ።
የ«ሐ» ጣቷ ተቀንጥሶ
«ሕግ» ብሎ ቢመታ «ግ» ብቻ ይቀራል፤
«ፍትሕ» ብሎ ቢመታ «ፍት» ብሎ ይሰበራል።
«በሃሌታው ምታው፣ ማን ያውቅብሃል?» ሲሉት፣
«ሕግ በሐመሩ ነው፤ ያለ ሐመር ማን ነው ጣናን የሚሻገር?»
ያችን ክፍት ቦታ
በእስክሪብቶ መሙላት የእኔ ሥራ ነበር።

በዘጠኝ ዓመቴ፣
«ይታክቱ» ይለኛል አባቴ፣
«የሰው ጉዳይ ነውና አንዷንም አትርሺ፤
ዓይንሽን ከሐይቁ አንሺ፣ እያየሽ ጨርሺ።»

አደግሁ።
ቀን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ማግ ስስብ፣ ክር ስፈታ፣
ውሉን፣ ውርሱን፣ ይርጋውን የማታ የማታ፤
መብራት የጠፋ ለት
በሐይቅ ዳሩ ሆቴል ጀነሬተር ብርሃን፣ ከአጥሩ ተደግፌ፣
ወባ እያንቀጠቀጠኝ፣ በአባቴ ጋቢ ታቅፌ።

ሐሙሲት ሲሾሙኝ ካባው ሰፋኝ፤ ጣሪያው ያፈሳል፤
መዝገቡን በላስቲክ ሸፍኜ፣ «ቀጥል፣ ምስክሩ ምን ይላል?»
ሰባት ክረምት ፈረድሁ፤ አንዳንዴ ፈርቼ፣
አንድ ጊዜ በእርግጥ ተሳስቼ፤
ይግባኝ ሰሚው አረመኝ፣
ሰውየው ግን ስምንት ወር ታስሮ ነበር፤
ዛሬም መንገድ ላይ ስናልፍ ሰላም አይለኝ።

አሁን ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ከመካከለኛው ወንበር
(ሾላው ተቆርጧል፤ ኮብልስቶን ነው ያ ሁሉ ዳር)
የሽምብጥ ቦታ ክርክር፣ ወፍራም መዝገብ ገለጥሁ፤
ከሥሩ፣ ብል በልቶት፣ ቢጫ ወረቀት አገኘሁ፤
የወይዘሮ እንጉዳይ አቤቱታ፦ «እስከ ደንገሉ ድረስ የእኔ ነው።»
ሰማያዊ ቀለም፣ እግሯ የተንጋደደ፣ በየመስመሩ የልጅ «ሕ» ነው።
አወቅኋት።
መጨረሻው ላይ ግን
«ፍት እንዲሰጠኝ» ይላል።
ምን አይቼ ነበር ያን ቀን? ፔሊካን? ታንኳ ሲገለበጥ?
አንዷ «ሕ» አምልጣኛለች፣ ዓይኔ ከወረቀት ሲፈረጥጥ።

እጄ ብዕር አነሳ።
ሠላሳ አራት ዓመት የዘገየች አንዲት ፊደል ምን ትከብዳለች?
ትከብዳለች። ማስረጃ ነች።
ክዳኑን ገጥሜ፣ ለግራና ለቀኜ እንዲህ አልሁ፦
«ይህን የሞላ እጅ ችሎቱ ላይ አለ፤
ከመዝገቡ ተነስቻለሁ።»

ከበረንዳው የእንጉዳይ የልጅ ልጅ ወረቀቱን አጥፎ ቆሟል፤
«ደግሞ ዳኛዋ ተነሳች አሉ፤
ለኅዳር ተቀጥሯል።»