ሣሩን አየሽና

በሬ ገደል ገባ፥ ሣሩን ብቻ አይቶ፤
ላንቺ ሣሩ ራሱ፥ ገደል ነው ተኝቶ።

ግራጫ ባዝራ ሆይ፥ እዚህ ኮኔማራ፥
ክብደትሽን ሰጠሽ፥ ለተረከዝ አደራ፤
የፊት እግርሽ ርቆ፥ ረመጥ እንደነካ፥
ዴርቭላ ጎንበስ አለች፥ ሙቀቱን ልትለካ።
ራጁ መስኮቱ ላይ፥ ብርሃን ሲገባበት፥
አጥንትሽ ዘንብሏል፥ ሰገባው ላልቶበት።

ሞረድ። ብናኝ። ሞረድ።
የኮቴው ጫፍ አጥሮ፥ ተረከዙ ወረደ፤
በነጩ መስመር ላይ፥ የደም ክር ሄደ።
«በቃ፤ ከዚህ ወዲያ፥ ሥጋ ነው» አለችው፤
ሚስማሩን ትታ፥ ብረቱን በሙጫ አጣበቀችው።

ኮልማን ባርኔጣውን፥ በእጁ እያዟዟረ፥
«ትጥገብ ብዬ እኮ ነው» ብሎ ተናገረ።
«ድርቆሽ ብቻ ስጣት፥ ውኃ የተነከረ፤
ያውም በሚዛን።»

አንድ እርምጃ ሄድሽ፤ ሁለተኛም ጨመርሽ፤
ከአጥሩ ማዶ ግን፥ ሣሩን እያየሽ ቀረሽ።